ስለ ፍላጻ አመራረጥ፤ ከዓለም ባንክ እስከ አጣና ተራ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በቤተል በኩል የሚያልፈውን መንገድ የተከተለ ሰው ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር ይደርሳል። የሰፈሩ ስም ለእንግዳ ግር የሚያሰኝ ነው፤ በዚያ ሲደርስ የሚያገኘው የመኖሪያ ቤት፣ ሱቅ፣ የታክሲ ተራ፣ በየመንገዱ ዳርም ለሕንፃ የተከመረ አሸዋና ድንጋይ ነውና። ነባሮቹ እንደሚነግሩን ስሙ የመጣው በደርግ ዘመን በዓለም ባንክ ብድር ከተሠሩት ቤቶች ነው። ሰማዩ በጠራ ጊዜ የወጨጫ ተራራ በምዕራብ በኩል ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከተራራውም ላይ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ ኖረ የሚባለው የመናገሻ ሱባ ደን አለ። በዚያ ደን ያለው ጽድ ቀጥ ያለ፣ ቀላልና ለፍላጻ እጅግ የተመቸ እንጨት ነው፤ ነገር ግን የተከለለ ደን ስለ ሆነ በዐይን ከማየት በቀር እጅ ሊሰነዘርበት አይገባም።

ወደዚህ ሰፈር የሄድነው ዘመድ ለመጠየቅ አልነበረም። በፍርድ ቤት የጸሐፊነት ሥራችን ላይ ሳለን ያወቅናቸው አንዲት ወይዘሮ፣ በ2013 ዓ.ም. በመተከል ብዙ ሕዝብ ባለቀበት ወራት ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ የመጡ፣ በዚህ ሰፈር ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። እኒህ ወይዘሮ «ልጄ ፍላጻ ገዝቶ ቤቴ አስገባ፤ እኔ ግን ያንን ነገር ዐይኔ እንዲያየው አልፈልግም። መጥተው ይዩልኝና ይጣል ካሉ እጥለዋለሁ፤ ይቈይ ካሉም አቈየዋለሁ» ብለው ላኩብን። እኛን የመረጡበት ምክንያት፣ ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥተን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን አንድ የውጭ አገር መምህር ቀስት መሳብ አስተምረውን እንደ ነበረ አንድ ቀን ስላጫወትናቸው ነው።

ልጁ 16 ዓመት የሞላው ነው። በትምህርት ቤቱ ለባህል ስፖርት ውድድር ከተመረጡት መካከል እርሱ ለቀስት ተመርጧል። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ደንብ አውጥቶ ከሚያወዳድርባቸው ጨዋታዎች፣ ከገና፣ ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከሻህና ከፈረስ ጉግስ ጋር፣ ቀስት አንዱ ስለ ሆነ ነገሩ የመንደር ልጅ ቧልት ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ቀስቱን ትምህርት ቤቱ ይሰጠዋል፤ ፍላጻውን ግን ከቤቱ ይዞ እንዲመጣ ታዟል። ልጁም ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ ሄደና ለግድግዳ ጌጥ የሚሆን ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ስድስት ፍላጻ ገዛ።

ስለ ቃሉ ጥቂት እንናገር። ዛሬ በከተማችን ብዙ ሰው ቀስት ሲል የሚወረወረውንም የሚወረውረውንም አደባልቆ ይጠራል። በግእዝ ግን ቀስት የሚለጠጠው ሲሆን የሚወረወረው ሐጽ ነው፤ በአማርኛም ፍላጻ ይባላል። የከዋክብትን ቍጥር የሚያውቁ ሊቃውንት ከ12ቱ አንዱን ኮከብ ቀውስ ይሉታል፤ ይህም ከዐረብኛ የመጣ የቀስት ስም ነው። እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበት ደጋንም የዚሁ የቀስት ዘመድ መሆኑን፣ አውታሩ ሲመታ የሚሰጠውን ድምፅ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል።

በደጋው አገራችን የታላላቅ ሰዎች የጦር መሣሪያ ጦርና ጋሻ፣ ጐራዴም ስለ ነበረ ቀስት የቆላ ሰው መሣሪያ ተደርጎ ይታይ ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩ ከጥንት የነበረ ነው። የግሪኩ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ዓመት ከፋርስ ንጉሥ ከአሕሻዊሮስ ጋር ስለ ዘመተው ሠራዊት ሲጽፍ፣ ኢትዮጵያውያን የሚላቸው ሰዎች ከዘንባባ የተሠራ ከአራት ክንድ የማያንስ ቀስት እንደ ያዙ፣ ፍላጻቸውም አጭር የሸምበቆ አገዳ ሆኖ ራሱ ከብረት ሳይሆን ማኅተም ከሚቀረጽበት ድንጋይ የተሠራ እንደ ነበረ ይናገራል። ሄሮዶቱስ በዚያ ስም የጠራቸው ከግብጽ በስተ ደቡብ ያሉትን የኩሽ ሰዎች ስለ ሆነ ክብሩን ሁሉ ለራሳችን ጠቅልለን አንወስድም። ነገር ግን ማኅተም በየቀኑ ለምንይዝ ለእኛ፣ ያው የማኅተም ድንጋይ በአንድ ወቅት የፍላጻ ራስ እንደ ነበረ ማሰብ ደስ የሚያሰኝ ነው።

ልጁ የገዛቸውን ስድስቱን ፍላጾች አንድ በአንድ እያነሣን መረመርናቸው። መጀመሪያ ያየነው ቁመታቸውን ነው። ልጁ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከጣት እስከ ጣት ሲለካ 165 ሳንቲም ሆነ፤ ይህንን ለሁለት ተኩል ቢያካፍሉት አውታሩን የሚስብበት ርቀት ይገኛል፤ እርሱም 66 ሳንቲም ነው። ፍላጻው ከዚህ በላይ አራት ያህል ሳንቲም ሊተርፍ ይገባል። እነዚያ ግን ትልቁ 62 ሳንቲም ነበረ። አጭር ፍላጻ ሲሳብ ራሱ ከቀስቱ ወደ ኋላ ይገባል፤ ልጁ አውታሩን ሲለቅም ፍላጻው ቀስቱን የያዘውን ግራ እጁን ይወጋል ማለት ነው። ይህን ስንናገር ልጁ ግራ እጁን ተመለከተ።

ከዚያ በኋላ አንዱን ፍላጻ ከሁለት ጫፉ ይዘን፣ ከፊታችን አርቀን በቀስታ ለመጥነው፤ እያዞርንም ደጋግመን አደረግነው። ጤነኛ አገዳ ድምፅ አይሰጥም። ሦስተኛው ፍላጻ እንደ ደረቅ ጭራሮ ጠቅ ጠቅ አለ። በአገዳው ውስጥ በዐይን የማይታይ ስንጥቅ ስላለ ነው፤ ይህን የመሰለ ፍላጻ ከአውታር ላይ ሲለቀቅ ተሰንጥቆ በክንድ ሥጋ ውስጥ ይሰገሰጋል። ይህ አደጋ በእንጨትና በቀርቀሃ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ በውጭ አገር ዛሬ ከካርቦን የሚሠራው ፍላጻም አንድ ጊዜ ከተጋጨ በኋላ ሳይመረመር ቢወረወር እንዲሁ ይሰነጠቃል፤ ስንጥሩም ይብሳል።

ከሁሉ ያሳሰበን ግን ሌላ ነው። ከስድስቱ በሁለቱ ላይ፣ ከብረቱ ራስ ሥር፣ እንደ ደረቀ ዝፍት ያለ ጥቁር ነገር ተለጥፎ ነበር። ሻጩ ለልጁ «ያረጀ መሆኑን የሚያሳይ ነው» ብሎት ኖሯል። በአገራችን ምረንዝ የሚባል ዛፍ አለ፤ በብዙ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች አዳኞች እንጨቱንና ቅርፊቱን እስኪጠቍርና እስኪወፍር ድረስ ቀቅለው ፍላጻቸውን ይቀቡበታል። በውስጡ ያለውን መርዝ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1888 አርኖ የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ ለይቶ አወጣው፤ ዋባይን የተባለውም ዛፉን ሱማሌዎች ከሚጠሩበት ቃል ነው። በጥቂቱ ሲሆን በኤውሮጳ ሐኪሞች ለልብ መድኃኒት አድርገውት ነበር፤ በቍስል ገብቶ ከደም ሲገናኝ ግን ያንኑ ልብ ያቆመዋል። ከዚህም በላይ ደርቆ ከፀሐይ ተሸሽጎ የተቀመጠ እንደ ሆነ ለብዙ ዓመት ኀይሉ አይለቀውም። በእነዚያ ሁለት ፍላጾች ላይ የነበረው ምረንዝ ይሁን ሌላ፣ ቀምሶ የሚፈትነው የለም። ስለዚህ በቤታቸው ግድግዳ ላይ የአደን ፍላጻ የሰቀሉ አንባቢዎች ሁሉ ሕፃን ሳይነካው አውርደው ራሱን እንዲመለከቱ እንመክራለን።

ይህን ስንነጋገር ልጁ አንድ ሰው ሊጠራልን ወጣ። ከቤታቸው አጠገብ በሚሠራ ሕንፃ ዘበኛ ሆነው የሚያድሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ የጉሙዝ ሰው ናቸው፤ አገራቸውም መተከል ነው። ወይዘሮዋ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠና ወደ ጓዳ ገቡ። ሽማግሌው ግን ከደጅ ሆነው ሰላምታ ሰጡ፤ ሳይቀመጡም ፍላጾቹን ተቀበሉ። ጥቁር ያለባቸውን ሁለቱን በፌስታል ጠቅልለው ለብቻ አኖሩ፤ የቀሩትን ዐይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው እየዳሰሱ «ይህ ለመስቀል የተሠራ ነው እንጂ ለመወርወር የተሠራ አይደለም» አሉ። ከዚያም ልጁን «ጠንካራ ነገር ሳይሆን ትክክለኛ ነገር ፈልግ» አሉት። እኛም ሥራውን እንዲያሳዩት ለመንናቸው።

በማግስቱ ከሽማግሌውና ከልጁ ጋር ወደ ኮልፌ አጣና ተራ ሄድን። ከጦር ኃይሎች በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ወደ ምሥራቅ የሚነሣ ስለ ሆነ ለእኛ አልጠቀመንም፤ በታክሲ ወደ ሰሜን ተጓዝን። ኮልፌ በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ መጥተው የጦር ትምህርት የተማሩበት ሰፈር ነው። እርሳቸው ያነጣጠሩት በጠመንጃ ነበረ፤ ይሁን እንጂ እስትንፋስን ሰብስቦ ማነጣጠር ለሁለቱም አንድ ነው።

አጣና ተራ ስሙ እንደሚለው የእንጨት ገበያ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር የገባው ባሕር ዛፍ በየዐይነቱ ቆሞ፣ ተጋድሞ፣ ተከምሮ ይታያል። የሚገርመው ግን በዚያ ሁሉ እንጨት መካከል አንድ ፍላጻ የሚወጣው አልተገኘም። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ሥሩ የሚጠማዘዝ ነው፤ ዛሬ ቀጥ ብሎ የተጠረበው በወሩ እንደ እባብ ይሆናል። ሽማግሌው ይህን በአንድ ቃል ተናግረው አለፉ፤ ከወደ ጥግ አንድ ነጋዴ አስደግፎ ወዳቆመው ቀርቀሃ ሄደውም በጣታቸው አንጓኳኩት።

የቀርቀሃው ነገር ሰፊ ነው። የደጋው ቀርቀሃ ውስጡ ክፍት ነው፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በብዛት የሚበቅለውና ሽመል የሚባለው የቆላው ግን ውስጡ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ነው። ሽማግሌው ሽመል ቢያገኙ በወደዱ ነበር፤ አላገኙም። የደጋውን ሲመርጡ ሦስት ዓመት ያልሞላውን ጣሉ፤ ለጋ ቀርቀሃ ሲደርቅ ይጨማደዳልና። ሲመታ ደብዛዛ ድምፅ የሚሰጠውንም እንዲሁ ተዉት። የቀርቀሃ ብርታት ከውጭ ቆዳው በኩል ስለ ሆነ፣ ሰንጥቆ የሚጠርበው ሰው ከውስጥ በኩል መፋቅ አለበት እንጂ ቆዳውን መግፈፍ የለበትም። ሸምበቆ ለምን አይሆንም ብለን ጠየቅናቸው። ይሆናል፤ ነገር ግን ክፍት ስለ ሆነ ከራሱና ከኋላው እንደ ወይራ ያለ ጽኑ እንጨት ተሰክቶበት በጅማት ካልታሰረ በመጀመሪያው ቀን ይሰነጠቃል አሉን።

ከአጣና ተራ ወደ መርካቶ ወርደን ከዶሮ ተራ የአውራ ዶሮ ክንፍ፣ ከምናለሽ ተራ ደግሞ የብረት ራስ ፈለግን። ስለ መርካቶ ግፊያ አንጽፍም፤ አንባቢ ያውቀዋል።

ሽማግሌው 18 አገዳ ጠረቡ፤ በጥላም ሦስት ሳምንት አደረቁት። የጐበጠውን ከፍም በላይ ይዘው እጅ እስኪያቃጥል ድረስ ካሞቁ በኋላ በጕልበታቸው ላይ ያቀኑታል፤ እስኪቀዘቅዝም አይለቁትም። ብዙውን ጊዜ የሚጐብጠው ከአንጓው ላይ ነው። ሦስቱ ሳምንት ሲፈጸም ወደ ዓለም ባንክ ተመለስን። ወይዘሮዋ በዚህ ጊዜ ወደ ጓዳ አልገቡም፤ ቡና አፍልተው ከደጃቸው ተቀምጠው ነበር።

የምርጫው ዋና ነገር የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ፍላጻ ከአውታር ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስላል፤ ነገር ግን አውታሩ ከኋላው ሲገፋው እንደ ዓሣ ይተጣጠፋል፤ ቀስቱንም ዞሮት አልፎ ከዚያ በኋላ ይቃናል። ይህን እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ እጅግ ፈጣን በሆነ የፎቶግራፍ መሣሪያ አንሥተው ለዐይን አሳይተዋል። ስለዚህ አገዳው ከቀስቱ ኀይል ጋር የተስማማ ልምጥነት ሊኖረው ይገባል። በቀኝ እጁ የሚስብ ሰው አገዳው ከልክ በላይ ግትር ከሆነበት ፍላጻው ወደ ግራ፣ ልምጥ ከሆነበት ወደ ቀኝ ይሄድበታል፤ ልጁም ጥፋቱ የእጁ መስሎት ዓመቱን ሙሉ ሲለፋ ይኖራል።

የልጁ ቀስት ሙሉ በሙሉ ሲሳብ የሚጠይቀው ኀይል 14 ኪሎ ነው። ይህን ለመፈተን ያደረግነው ማንም በቤቱ ሊያደርገው የሚችል ነው። ሁለት በርጩማ 66 ሳንቲም አራርቀን አገዳውን በላያቸው አጋደምነው፤ ከመካከሉም ውሃው ከነጠርሙሱ 900 ግራም የሚመዝን ጠርሙስ ሰቀልን፤ መካከሉ ምን ያህል እንደ ወረደም በማስመሪያ ለካን። ለ14 ኪሎ ቀስት ወደ 22 ሚሊ ሜትር ሊወርድ ይገባል። ከ18ቱ አራቱ ከአንጓቸው ሲሰነጠቁ በመጀመሪያው ልመጣ ወድቀው ነበር፤ በዚህ ፈተና ደግሞ አምስቱ እጅግ ልምጥ ሆነው ወጡ።

የቀሩትን ዘጠኙን ከነራሳቸው በሰፈሩ ካለ ወርቅ ሠሪ ሚዛን ላይ አስመዘንናቸው። ወርቅ ሠሪው ሳቀብን፤ መዘነልን ግን። ለአንድ ኪሎ የቀስት ኀይል ከአንድ ግራም ተኩል ያላነሰ ክብደት ቢኖር መልካም ነው፤ ስለዚህ ለዚህ ልጅ 21 ግራም ዝቅተኛው ነበረ። ፍላጻው ከልክ በላይ የቀለለ እንደ ሆነ የቀስቱ ኀይል የሚገፋው ነገር ስለሚያጣ ወደ ራሱ ይመለስና ቀስቱን ይሰብረዋል። ሦስቱ 30 ግራም ያለፉ ስለ ነበሩ ተለዩ። ስድስቱ ከ25 እስከ 26 ግራም ውስጥ ሆኑ። በእኛ አስተያየት የፍላጻ ምርጫ ማለት አንድ ግሩም ፍላጻ ማግኘት አይደለም፤ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ስድስት ማግኘት ነው።

ላባውን በተመለከተ፣ ለአንድ ፍላጻ ሦስት ላባ ሲለጠፍ ሦስቱም ከአንድ ወገን ክንፍ መሆን አለባቸው፤ የቀኝና የግራ ክንፍ ላባ የሚጐብጠው ወደ ተለያየ ወገን ስለ ሆነ ቢደባለቁ አንዱ ሲያዞረው ሌላው ይመልሰዋል። አንደኛው ላባ ከቀስቱ ራቅ ብሎ እንዲያልፍ ይደረጋል። ሌሎቹ ቢነኩም ላባ ተጣጥፎ ያልፋል፤ ከፕላስቲክ የሚሠራው ግን በእንጨት ቀስት ላይ ሲነካ ፍላጻውን ያናጥረዋል። በግራር ሙጫ ከተለጠፈ በኋላ በክር ይጠመጠማል፤ አውታር የሚገባበት ስንጥቅም ሥሩ በክር ታስሮ በሰም ይታሻል። የተጠናቀቀውን ፍላጻ በአንድ ጣት ላይ ስናስቀምጠው ሚዛኑን የጠበቀው ከመካከሉ ስምንት ሳንቲም ያህል ወደ ራሱ በኩል ነው፤ እንዲህ ሲሆን በአየር ላይ አይንቀዋለልም።

የራሱ ነገር ሲደርስ ወይዘሮዋ ስኒያቸውን አስቀምጠው ቀረቡ። ከሱቅ የተገዙትን አሮጌዎቹንና አዲሶቹን ጐን ለጐን አዩና «ገብቶ የማይወጣው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው ወደ ኋላ የዞረ ጥርስ ያለውን አነሡና «ይህ ነው እኅቴ። ሲስቡት ሥጋ ይዞ ይመጣል» አሉ፤ ቀጥለውም በድንጋይ ላይ አኑረው ጥርሱን በመዶሻ ቀጠቀጡት። «የልጁ ይህ ነው፤ ሾጣጣ ነው፤ በገባበት ይወጣል። ለሰሌዳ የተሠራ ነው።» ወይዘሮዋ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ አገራቸው ከመተከል የትኛው ወረዳ እንደ ሆነ ጠየቋቸው። ሽማግሌው ነገሯቸው፤ ቤታቸውም በዚያው ወራት እንደ ተቃጠለ ጨመሩ። ወይዘሮዋ ሁለተኛውን ቡና ቀድተው በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። እኛም ስለዚህ ነገር ምንም አልተናገርንም።

ጥቁር የነበረባቸው ሁለቱ ፍላጾች በቆርቆሮ ተጠቅልለው፣ ልጅና ውሻ በማይደርስበት፣ ወንዝና ጕድጓድ ውሃም በሌለበት ቦታ በጥልቅ ተቀበሩ። ልጁ የሚለማመድበት ቦታም ተወሰነ። የ14 ኪሎ ቀስት ፍላጻውን ከ100 ሜትር በላይ ይጥለዋል፤ በዓለም ባንክ ደግሞ 100 ሜትር ማለት ሁለት ቅያስና ብዙ የሰው ደጅ ነው። ስለዚህ ከሰሌዳው በስተ ኋላ የአፈር ግድብ ባለበት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ብቻ እንጂ በሰፈር እንዳይወረውር እናቱ አስማሉት።

እኛም የሙያችንን ያህል ለማድረግ በየፍላጻው ላይ ከላባው አጠገብ በቀለም ከ፩ እስከ ፮ ቍጥር ጻፍንበት። ይህ ጌጥ አይደለም፤ የትኛው ፍላጻ ዘወትር ከወገኖቹ እንደሚለይ ለማወቅ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ መጥቶ ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፭ና ፮ በአንድ ላይ ሲወድቁ ፬ ግን ሁልጊዜ ከአንድ ስንዝር በላይ ወደ ቀኝ እንደሚሄድበት ነገረን። ወደ ቀኝ መሄዱ ልምጥነት ነው፤ አገዳን ግን መልሶ ግትር ማድረግ አይቻልም። ሽማግሌው ራሱን በሞረድ ጥቂት ፋቁለት፤ ራሱ ሲቀል አገዳው የሚተጣጠፈው ያነሰ ይሆናልና። አሁን ከአምስቱ ጋር ይወድቃል። ስድስቱም በነጠላ ተጠቅልለው ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ቁልፉም በእናቱ መቀነት ላይ ታስሯል።